ስለ ልጆች ሳይሆን ስለ ልጄ

እንደምን አመሻችሁ። ቤታችሁን ትታችሁ በዚህ ሰዓት ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ የሥነ ልቦና ጥያቄ ነው። ጥያቄውን ተማሪ እያለሁ አንብቤዋለሁ። ፈተና ላይም መጥቶልኝ መልሼዋለሁ። የገባኝ ግን ከዓመታት በኋላ ነው፣ ያስረዳችኝም አንዲት እናት ናት።

ያኔ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የተማሪዎች አማካሪ ነበርኩ። እናትየዋ የተጠራችው የ11 ዓመት ልጇ ክፍል ውስጥ አይናገርም ተብሎ ነው። ገብታ ተቀመጠች። «ልጄ ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ። እኔም የተማርኩትን ዘረገፍኩላት። በዚህ ዕድሜ ያሉ ዝምተኛ ልጆች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው፣ ከእነሱ ውስጥ ይህን ያህሉ ሲያድጉ ይለቃቸዋል፣ ይህን ያህሉ ደግሞ እንዲህ ይሆናሉ እያልኩ። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ እንዳስቀመጠች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ እንዲህ አለች፦

«ወንድሜ፣ አንተ የነገርከኝ ስለ ልጆች ነው። እኔ የጠየቅኩህ ስለ ልጄ ነው።»

መልስ አልነበረኝም። የነገርኳት ነገር ውሸት አይደለም። ቁጥሮቹም ልክ ነበሩ። ግን የጠየቀችኝን አልመለስኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ነገር አልለቀቀኝም።

ነገሩ የቆየ ክርክር ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ። በ1894 ቪልሄልም ቪንደልባንድ የተባለ ጀርመናዊ ፈላስፋ የስትራስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሬክተር ሆኖ አንድ ንግግር አደረገ። ሳይንስ ሁለት ዓይነት መንገድ አለው አለ። አንዱ ሕግ ይፈልጋል። የሚወድቀው የትኛው ድንጋይ እንደሆነ ግድ አይሰጠውም፤ ማወቅ የሚፈልገው ድንጋይ ሁሉ እንዴት እንደሚወድቅ ነው። ሌላው መንገድ አንድ ጊዜ ብቻ የሆነን ነገር ከነዝርዝሩ ያጠናል። ቪንደልባንድ ይህን ሲናገር የዓድዋ ጦርነት ገና 2 ዓመት ይቀረው ነበር። ለእኛ ግን ከእሱ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ስለ ጦርነቶች በጠቅላላው ብታውቁ ዓድዋን አወቃችሁ ማለት አይደለም። ማን መቼ ደረሰ፣ የትኛው ጦር መንገድ ስቶ ከሌላው ተለያየ የሚለውን አንድ በአንድ ማየት አለባችሁ። የመጀመሪያውን መንገድ ኖሞቴቲክ አለው፣ ሕግ ከሚለው የግሪክ ቃል። ሁለተኛውን ኢዲዮግራፊክ አለው፣ የራስ ከሚለው ቃል።

በ1937 የሃርቫርዱ ጎርደን ኦልፖርት ሁለቱን ቃላት ወደ ስብዕና ጥናት አመጣቸው። ሥነ ልቦና በዚያ ጊዜ የሚሄደው በአንድ መንገድ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። አንድ ጠባይ ትመርጣላችሁ፣ ዓይን አፋርነት እንበል። ለብዙ ሰው መጠይቅ ትሰጣላችሁ። ማን ከማን እንደሚበልጥ ትደረድራላችሁ። ኦልፖርት ይህን አልጠላም፣ ራሱም መጠይቅ ሠርቷል። ያንገበገበው ሌላ ነገር ነው። ሰውየው ራሱ የት ሄደ? ዓይን አፋርነቱና ቁጣው፣ ልግስናውና ቅናቱ በአንድ ሰውነት ውስጥ እንዴት ነው አብረው የሚኖሩት? ይህን የሚጠይቅ ብዙ አልነበረም።

አሁን አንድ ነገር ላሳያችሁ። ሐሳቡን የወሰድኩት ከሆላንዳዊቷ ተመራማሪ ከኤለን ሃማከር ነው። ቦታውን ግን ወደ እኛ ሰፈር አምጥቼዋለሁ።

ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ የሚተይቡትን ሰዎች ታውቋቸዋላችሁ። ከእነሱ 100ውን መርጣችሁ ፍጥነታቸውንና ስሕተታቸውን ብትመዘግቡ ምን ታገኛላችሁ? ፈጣኖቹ ትንሽ ስሕተት ነው የሚሠሩት። የ15 ዓመት ልምድ ያላት ሴት ፊደሎቹን ሳታይ ነው የምትተይበው፣ ስሕተትም የላትም። ትናንት የጀመረው ልጅ ይንቀረፈፋል፣ ይሳሳታልም። ስለዚህ በቡድን ሲታይ ፍጥነት ሲጨምር ስሕተት ይቀንሳል። ትክክለኛ ውጤት ነው፣ ማንም አይከራከርበትም።

አሁን እሷን ብቻዋን ያዙና ቀኑን ሙሉ አጠገቧ ተቀመጡ። ደንበኛው ከጀርባዋ ቆሞ «እባክሽ ቶሎ በይልኝ፣ ቢሮው ሊዘጋ ነው» ሲላት ጣቶቿ ይፈጥናሉ። ያን ጊዜ «አመልካች» ልትል «አመካልች» ትላለች። ልክ ስትረጋጋ ስሕተቱ ይጠፋል። በእሷ ውስጥ ፍጥነት ሲጨምር ስሕተትም ይጨምራል። ከቡድኑ ፍጹም ተቃራኒ ነው!

ልብ በሉ፣ ሁለቱም ውጤቶች እውነት ናቸው። አንዱ ሌላውን አይሽርም። አንዱ የሚመልሰው «ከጸሐፊዎቹ ማን ይሻላል?» የሚለውን ነው፤ ልምድ ያለውን ለመቅጠር ይጠቅማችኋል። ሌላው የሚመልሰው «ይህች ሴት መቼ ትሳሳታለች?» የሚለውን ነው። የቡድኑን ውጤት ይዞ ወደ እሷ የሚሄድ አማካሪ ግን «እህቴ፣ ስሕተት እንዲቀንስልሽ ፍጠኚ» ይላታል። እኔ ለዚያች እናት ያደረግኩት ከዚህ ብዙም አይርቅም።

አማካይ ሰው የሚባለውን ነገር ሰዎች እንደ እውነተኛ ሰው ያዩታል። በ1952 የአሜሪካ አየር ኃይል ተመራማሪ ጊልበርት ዳንኤልስ አንድ ዘገባ አወጣ። የ4,063 አብራሪዎችን 10 የሰውነት ልኬቶች ወሰደ፦ ቁመት፣ ደረት፣ እጅጌ፣ ወገብ እያለ። በእያንዳንዱ ልኬት ከመሐለኛዎቹ 30 በመቶ ውስጥ የገባውን «አማካይ» አለው። ለጋስ መለኪያ ነው። በ10ሩም አማካይ ሆኖ የተገኘ አብራሪ ስንት ነበር? አንድም የለም። ክንድና ወገብ ላይ እንኳ እንዲህ ከሆነ፣ ሆድ ውስጥ ያለውን አስቡት።

ወደ ኦልፖርት ልመለስ። በ1936 ከሄንሪ ኦድበርት ጋር ሆኖ አንድ ትልቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ገልጦ የሰውን ጠባይና ሁኔታ የሚገልጹ ቃላትን ለቀመ። 17,953 ቃላት አገኙ። ከዚያ ወዲህ የመጡ ተመራማሪዎች ዝርዝሩን እየጨመቁ፣ እየቀነሱ፣ በስሌት እያበጠሩ ዛሬ አምስቱ ታላላቆች ወደሚባሉት ጠባዮች ደረሱ፦ ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን፣ ጥንቁቅነት፣ ተግባቢነት፣ ለሰው ማሰብና ቶሎ መረበሽ። ጠንካራ ሥራ ነው። በብዙ አገር ተሞክሯል። ሰውን ከሰው ለማወዳደር ከዚህ የተሻለ መሣሪያ በእጃችን የለም ብዬ አምናለሁ።

ግን አንድ ነገር ሁሌም ያሳስበኛል። በአማርኛችን «ሆደ ባሻ» የሚባል ሰው አለ። ይህን ሰው ከአምስቱ በየትኛው ታስገቡታላችሁ? ቶሎ ይረበሻል ትሉኝ ይሆናል። ሆደ ባሻ ግን ዝም ብሎ በማንኛውም ነገር አይረበሽም። ጎረቤት ቢሰድበው ላይሰማው ይችላል። ወንድሙ ሰላም ሳይለው ካለፈ ግን ሳምንት አይወጣለትም። ቃሉ ራሱ የሚነግረን ስለ መጠን ብቻ አይደለም፣ ማን ምን ሲያደርገው እንደሚከፋው ጭምር ነው። «አመል» የሚለው ቃላችንም እንዲሁ ነው። አመል አለው ስንል ብዙውን ጊዜ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ ይሆናል» ማለታችን ነው።

በ1998 ሁለት ጀርመናውያን፣ ፒተር ቦርኬናውና ፍሪትዝ ኦስተንዶርፍ፣ 22 ተማሪዎችን ለ90 ቀን በየቀኑ ጠባያቸውን እንዲመዘግቡ አደረጉ። የሁሉም መረጃ በአማካይ ሲጠቃለል አምስቱ ታላላቆች በትክክል ብቅ አሉ። የእያንዳንዱ ተማሪ 90 ቀን ለብቻው ሲተነተን ግን የብዙዎቹ አደራደር የተለየ ሆነ። አንድ ሰው ላይ ተግባቢ የሚሆንበት ቀን ሥራውን የሚተውበት ቀን ሊሆን ይችላል። ሌላው ላይ ደግሞ ሥራ የቀናው ቀን ነው ሰው የሚናፍቀው። አምስቱ ጠባዮች ሰዎች እርስ በርስ የሚለያዩባቸው መንገዶች ናቸው። አንድ ሰው ከትናንቱ የሚለይባቸው መንገዶች እነሱ ይሁኑ አይሁኑ እሱን ራሱን ካላያችሁ አታውቁም።

ስለ ጄኒ ሳልነግራችሁ አላልፍም። በዚህ ጉዳይ ከሁሉም የምወዳት እሷን ነው።

ጄኒ ማስተርሰን የተሰጣት ስም ነው፤ ሴትዮዋ ግን በእርግጥ የኖረች ናት። ለልጇ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛና ለጓደኛው ሚስት ከ1926 እስከ 1937 ድረስ 301 ደብዳቤ ጽፋላቸዋለች። ስትጀምር 58 ዓመቷ ነበር። ባሏ የሞተባት ልጇ ሳይወለድ ነው። ያንን አንድ ልጅ ለብቻዋ ለፍታ አሳደገችው። ሲያድግ በሚወዳቸው ሴቶች ምክንያት ተጣሉ። በ1929 ልጁ ሞተ። ደብዳቤዎቹ ግን አልቆሙም።

ኦልፖርት ደብዳቤዎቹን ለዓመታት ክፍል ውስጥ አስተማረባቸው፣ በ1965ም በመጽሐፍ አወጣቸው። 36 ሰዎች አንብበዋቸው ጄኒን በቃላት እንዲገልጿት ጠየቀ። 198 የተለያዩ ቃላት ሰጡት። እነሱን ሲሰበስባቸው ወደ 8 ገደማ ሆኑ፦ ተጠራጣሪና ነገረኛ፣ ራሷን ወዳድ፣ በራሷ የምትቆም፣ ስሜቷ የሚግል፣ ውበት ወዳድ፣ ተጋፊ፣ ጨለምተኛ፣ ሆዷ ቶሎ የሚባባ። ጄፍሪ ፔይጅ የተባለ ተማሪ በ1966 ቃላቷን በኮምፒውተር ቆጥሮ፣ አብረው የሚመጡትን ለይቶ ሲተነትን ከዚህ ጋር በጣም የሚቀራረብ ነገር ነው ያገኘው።

እኔን የሚገርመኝ ዝርዝሩ አይደለም። ነገረኛ ሴት ብዙ አለች። ውበት ወዳድም ብዙ አለች። ጄኒ ላይ ግን ሁለቱ ይመጋገባሉ። ሰው ላይ ያጣችውን ንጽሕና ሥዕልና ተፈጥሮ ላይ ታገኘዋለች፤ እዚያ ያየችውን ንጽሕና ደግሞ ከሰው ትጠብቅና ሰው ያሳዝናታል። እኔ የማነባት እንዲህ ነው። በ8ቱ ጠባዮች ነጥብ ሰጥታችሁ ከሺህ ሴቶች ጋር ብታሰልፏት ቁጥሮቹ ይቀመጣሉ። ይህ መመጋገብ ግን ቁጥሮቹ መሐል የለም። ያለው በ301ዱ ደብዳቤ ውስጥ፣ በ11 ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ነው።

አንዳንዶቻችሁ ይህን ስትሰሙ «ይህማ ታሪክ ነው እንጂ ሳይንስ አይደለም» ትሉ ይሆናል። ለረጅም ጊዜ የተባለውም ይኸው ነው። ነገሩን የቀየረው በሒሳብ የመጣ ሰው ነው። በ2004 ፒተር ሞሌናር የተባለ ሆላንዳዊ ተመራማሪ ሥነ ልቦና ግለሰቡን ማጥናት አለበት የሚል ጽሑፍ አወጣ። ክርክሩ የልብ ርኅራኄ አልነበረም። ከፊዚክስ ኤርጎዲሲቲ የሚባል ሐሳብ ወሰደ። በቀላሉ ላስቀምጠው። ከብዙ ሰው ላይ በአንድ ቀን የለካችሁት፣ በአንድ ሰው ላይ በብዙ ቀን ለምትለኩት የሚሠራው ሁለት ነገሮች ከተሟሉ ብቻ ነው። አንደኛ፣ ሁሉም ሰው በአንድ ዓይነት ሕግ መመራት አለበት። ሁለተኛ፣ ያ ሕግ ከጊዜ ጋር መለወጥ የለበትም። ሰው ደግሞ ያድጋል፣ ይማራል፣ ያረጃል፣ ልጅ ይወልዳል፣ ይሰደዳል። ሁለቱ ነገሮች ሰው ላይ የሚሟሉት አልፎ አልፎ ነው። በ2018 አሮን ፊሸርና ባልደረቦቹ የ6 ጥናቶችን መረጃ አነጻጽረው ነበር። በግለሰቦች ውስጥ የተገኘው መዋዠቅ በቡድን ከታየው ከ2 እስከ 4 እጥፍ ይበልጥ ነበር።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ አንድ ነገር ካላስጠነቀቅኩ በደልኳችሁ። «እኔ ሰው ሳይ አውቃለሁ፣ ቁጥር አያስፈልገኝም» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ኢዲዮግራፊክ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። ጥናት ስለ እነሱ የሚለው ግን ደስ አይልም። በ1954 አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፖል ሚል ወደ 20 የሚጠጉ ጥናቶችን ሰብስቦ አየ። ጥያቄው ይህ ነበር፦ አንድ ሰው ወደፊት ምን እንደሚሆን፣ ለምሳሌ ትምህርቱ እንደሚሳካለት ወይም ከእስር ሲፈታ ተመልሶ ወንጀል እንደሚሠራ፣ ማን ይሻላል የሚተነብየው? ሰውየውን አነጋግሮ የሚፈርደው ባለሙያ ነው ወይስ ቀላል ስሌት? ስሌቱ በአብዛኛው አሸነፈ፣ ካልሆነም እኩል ወጣ። ባለሙያው የበለጠበት ለማለት ይከብዳል።

ይህ ውጤት መራራ ነው፣ ግን ዋጥ ማድረግ አለብን። አንድን ሰው ማወቅ ማለት ለአንድ ሰዓት አነጋግሮ ስሜታችንን ማመን አይደለም። ደጋግሞ ማየት ነው። መመዝገብ ነው። ቁጥር መተው አይደለም፣ ቁጥሩን ከሰውየው ከራሱ መሰብሰብ ነው። ሺህ ሰው አንድ ጊዜ ከመለካት፣ አንድ ሰው ብዙ ጊዜ መለካት። ልዩነቱ ይኸው ነው፣ ለእኔም የዛሬው ንግግር ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው።

እንዲህ ያለውን ሥራ በደንብ የሠሩት ዋልተር ሚሼል፣ ዩዊቺ ሾዳና ጃክ ራይት ናቸው። በ1994 ያወጡት ጥናት አሜሪካ፣ ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ካለ የልጆች የክረምት ካምፕ ነው፤ የባሕርይ ችግር ያለባቸው ልጆች የሚመጡበት። 84 ልጆች ተጠኑ። እያንዳንዱ ልጅ በአማካይ 167 ሰዓት ታየ። 167 ሰዓት! እኔ የዚያችን እናት ልጅ ያየሁት ለ20 ደቂቃ ነበር። ተመልካቾቹ የመዘገቡት «ይህ ልጅ ስንት ጊዜ ተማታ?» የሚለውን ብቻ አልነበረም። መቼ ነው የተማታው? እኩያው ሲያሾፍበት? እኩያው ቀርቦ ሲያጫውተው? ትልቅ ሰው ሲያመሰግነው? ሲያስጠነቅቀው? ሲቀጣው? በጠቅላላ ድምር እኩል የሆኑ ሁለት ልጆች ፈጽሞ የተለያዩ ሆነው ተገኙ። አንዱ የሚቆጣው ትልቅ ሰው ሲገሥጸው ነው። ሌላው እኩያው ሲቀርበው ነው። አንድ ዓይነት ነጥብ፣ ሁለት ልጅ። ይህ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ» የሚለው ነገር ከሳምንት ሳምንትም ብዙ አልተለወጠም። አመል ማለት ይኸው ነው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ እናትየዋን ደግሜ አስጠራኋት። ይቅርታ ጠየቅኳት። አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ሰጠኋት፣ ለክፍሉ መምህርትም ሌላ። ነገሩ ቀላል ነበር። ልጁ ሳይጎተጎት የተናገረ እንደሆነ፣ ከማን ጋር፣ የት፣ ምን ሲደረግ። ዝም ያለ እንደሆነም እንዲሁ። ለ6 ሳምንት ያህል ነው የጻፉት። መምህርቷ 52 ተማሪ ያላት ሴት ናት፤ እንዴት እንደቻለችው እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

በሦስተኛው ሳምንት ነገሩ ወጣ። ልጁ ዝምተኛ አልነበረም። እኩያው ሒሳብ ሲጠይቀው ይናገራል፣ ያውም እየሣለ፣ እየሰረዘ፣ «አይደለም፣ እየው እዚህ ጋ» እያለ። አያቱ ቤት ካለች ያወራል። ትልቅ ሰው ፊቱ ቆሞ ሲጠይቀው ነው የሚዘጋው። መምህርት ይሁን አጎት ይሁን ቄስ፣ ለውጥ የለውም። መጠይቁ ላይ «ዝምተኛ» የሚል ነጥብ ያገኘው ልጅ ይህ ነው። መምህርቷ ሒሳብ ካቃተው አንድ ልጅ ጎን አስቀመጠችው።

ደብተሩን አሁንም አስታውሰዋለሁ። የእናትየዋ ጽሑፍ ትልልቅ ነው፣ ከመስመሩ ይወጣል። በስድስተኛው ሳምንት እሑድ እንዲህ ይላል፦ «ዛሬ አጎቱ ጠየቀው። መለሰለት። ብዙ አወራው።» ከሥሩ በሌላ እስክሪብቶ፣ ቆይታ ያስታወሰችው ይመስለኛል፣ አንድ መስመር ጨምራለች። «አጎቱ መኪናው ሥር ተኝቶ እየጠገነ ነበር። ፊቱን አያየውም።»

ሰኞ ጠዋት ደብተሩን ይዤ ወደ መምህርቷ ሄድኩ። አነበበችው። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ልጁ አጠገብ ተቀመጠች፣ ዓይኗን ከደብተሩ ሳታነሳ «ይሄ ስንት ይመጣል?» አለችው። እሱም ደብተሩን እያየ መለሰላት።